ልጄ «የፓርክ ሕግ አስከባሪ እሆናለሁ» ሲለኝ

በእኛ አካባቢ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ጎረቤት መጀመሪያ «የት ደረሰው?» ይላል፤ ቀጥሎ «ምን ደረሰው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ሕክምና ወይም ምህንድስና ከሆነ ምርቃቱ ወዲያው ይከተላል። ሕግ ወይም አካውንቲንግ ከሆነም ደስ ይላል። ለእኔ የመጀመሪያ ልጅ የደረሰው ግን «የዱር እንስሳትና ኢኮቱሪዝም» ነበር። ሞጣ ላይ ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ጥቂት ዝም ይሉና «እሱም ይሁን፤ ዋናው መማሩ ነው» ይሉኛል። ነገሩ ምርቃት ሳይሆን ማጽናኛ ነበር።

እኔ የተወለድኩት ቢቸና አጠገብ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። ሞጣ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ልጄ ዛሬ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ማስከበር ሥራ ላይ ነው። «ልጅህ ምን ይሠራል?» ለሚሉኝ በአንድ ቃል መመለስ ስለማልችል ብዙ ጊዜ ወንበር ስቤ ቁጭ ማለት ግድ ይለኛል። ቤታችሁ ውስጥ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁትን ሥራ ይዞ የሚመጣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላችሁ፣ ከእኛ ቤት የሆነውን ባካፍላችሁ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ልጄ የተማረው በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ነው። ትምህርቱን መርጦ አልገባበትም፤ ምደባው ነው ያስገባው። የመጀመሪያውን ዓመት ሲደውል ስለ ምግቡና ስለ ገንዘብ እንጂ ስለ ትምህርቱ አያወራም ነበር። እኔም አልጎተጎትኩትም። መምህር ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ ትምህርቱን ያልወደደ ተማሪ በምክር ብዛት አይወደውም፤ አንድ ቀን አንድ ነገር ዓይኑን ካልያዘው በቀር።

ዓይኑን የያዘው ነገር የመጣው በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። ለተግባር ልምምድ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ደባርቅ ተላከ። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ከተማ ስትሆን የስሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ በሕግ የታወጀው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚያ ተራራ በቀር ሌላ አገር የለውም። ይሁን እንጂ የዋልያው ቁጥር ስለተመናመነ፣ እርሻውና ግጦሹም ወደ ላይ ስለገፋ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ ልጄ ለልምምድ በሄደበት በዚያው ሰሞን ነው።

ልምምድ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሲሆነው ደወለ። «አባዬ፣ ሥራዬን አገኘሁት» አለኝ።

«ሳትመረቅ ማን ቀጠረህ?» አልኩት።

«አልተቀጠርኩም። ልሠራው የምፈልገውን አገኘሁት ማለቴ ነው።»

ቀጥሎ የነገረኝ ስለ ዋልያም ስለ ቀይ ቀበሮም አልነበረም። አንድ ንጋት ከስካውቶች ጋር ለቅኝት ወጥቶ ነበር። ስካውት የሚባሉት ጠመንጃ ይዘው ፓርኩን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ተወላጆች ናቸው። በጭጋጉ ውስጥ ሲሄዱ ከወሰኑ አልፈው የሚግጡ ከብቶች አገኙ። እረኛው አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ልጁ ስካውቶቹን ሲያይ መሮጥ ጀመረ። ልጄ «አሁን ይይዙትና ይመቱታል» ብሎ ጠበቀ። በዕድሜ የገፉት ስካውት ግን ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ና፣ የማን ልጅ ነህ?» ብለው ተጣሩ። ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡት። አባቱ ተጠርቶ መጣ። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ በእግራቸው አብረው ሄደው አሳዩት። ቀኑ፣ ቦታውና የከብቱ ቁጥር ተመዘገበ፤ ሰውየውም ፈረመ። ሁለተኛ ቢገኝ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ተነገረው፤ ከብቱን ነድቶ ወረደ።

«አባዬ፣ እኒያ ሰውዬ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው» አለኝ ልጄ። «ግን እኔ በሦስት ዓመት ያልተማርኩትን በአንድ ሰዓት አሳዩኝ።»

አባቶች «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ደስ ያለኝን ያህል ስጋትም ገባኝ። ጠመንጃ ባለበት ሥራ ላይ ልጁን ለመልቀቅ የሚቸኩል አባት የለም።

በዚያው ዓመት ለዘመን መለወጫ ቤተሰቡ ሁሉ እናቴ ዘንድ ቢቸና ተሰበሰበ። ልጄ ሐሳቡን ሲናገር መጀመሪያ የተቃወመው ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ገበሬ ነው፤ የሚናገረውን አይሸፋፍንም።

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አስተምረኸው ለዘበኝነት?» አለኝ። ቀጥሎ ወደ ልጄ ዞረና ከዚያ የሚከብደውን ተናገረ፤ «ለመሆኑ የምታስረው የማንን ከብት ነው? እንደ እኔ ያለውን ሰው ከብት አይደለም ወይ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ የክብር ጥያቄ ነው፤ እሱን መመለስ አይከብድም። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። በፓርክ ውስጥ እንጨት የሚቆርጠው፣ ከብት የሚያሰማራው፣ ወጥመድ የሚያጠምደው ሰው ብዙውን ጊዜ ባለጠጋ አይደለም። ከስሜን ፓርክ ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ እንዲወጣ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ነገር ግን ማረሻና ከብት የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ የከተማ ነዋሪ ሲሆን ኑሮው እንዴት እንደሚናጋ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ልጄ አጎቱን ለማሸነፍ አልሞከረም። «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» አለ። «የማስረው የድሃ ከብት ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚታሰር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ተራራው ከተራቆተ ደግሞ ጎርፉ የሚወርደው በዚያው ሰው ማሳ ላይ ነው። ቱሪስት ከቀረም በቅሎ የሚያከራየው፣ ወጥ የሚሠራው፣ መንገድ የሚመራው የዚያው ሰው ልጅ ነው ሥራ የሚፈታው።»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተረታም። ያን ጊዜ ጥግ ላይ ቡና የምትቆላው እናቴ ቀና አለች።

«የደብሩ ዛፍ እንዴት የቆየ ይመስላችኋል?» አለች።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ አገር እርሻው ራቁቱን ቀርቶ ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ከሩቅ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ደብር አለ ማለት ነው። ወንድሜ ወዲያው «በግዝት ነዋ!» አለ።

«ግዝት ብቻ አይደለም» አለች እናቴ። «ግዝቱማ የሚፈራ ይፈራዋል። ጠባቂ ነበረው። የሚጠብቀው ሰው ከመካከላችን ነበር፤ አጨዳው ሲያልቅ ጤፍ በቁና እየሰፈርን እንሰጠው ነበር። ሌሊት የመጥረቢያ ድምፅ ሲሰማ የሚነሳው እሱ ነው። ሰው ይጠላው ነበር፤ ግን ማንም ‹ዘበኛ› ብሎ አልናቀውም። ያ ተራራ ደግሞ ቅጽር የለውም። ልጁ ቅጽር ሊሆነው ከፈለገ ምን ነውር አለው?»

ይህን ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ወንድሜ ጥቂት ቆይቶ «እንግዲያው ከብት ስታስር ባለቤቱን አትስደብ» አለው ልጄን። በእኛ ቤት ይህ ፈቃድ ነው።

እናቴ የተናገረችውን ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ከቢቸናም ከሞጣም ሰው ጮቄን ያውቀዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው፤ ሙጋና ሱሃ፣ ጨሞጋም ከእሱ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ዛሬ የገብሱና የድንቹ ማሳ ወደ ላይ እየገፋ፣ ጓሳው፣ አስታውና ጅባራው ወደ ጫፉ እየሸሸ ነው። ወደ ላይ የሚያርሰውን ሰው ረኃብና የመሬት ጥበት ነው የሚገፋው፤ ክፋት አይደለም። ቢሆንም ተራራው ሲራቆት ምንጭ የሚጎድለው ታች ባለው ላይ ነው። የሁሉም የሆነ ነገር «ይህስ ይብቃ» የሚል ሰው ካላገኘ የማንም ሳይሆን ያልቃል። ሥራው ይህን ማለት ነው፤ ቃሉ አጭር ቢሆንም ጎረቤትህ ፊት ቆሞ መናገሩ ግን ከባድ ነው።

እንግዲህ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዞ ቢመጣ ማወቅ የሚገባችሁን፣ እኔ ጠይቄ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ሥራው አንድ ዓይነት አይደለም። በየቀኑ በእግሩ ተራራ የሚወጣው ስካውት አለ። በእሱ ላይ ቅኝቱን የሚያቅድ፣ መረጃ የሚሰበስብ፣ ክስ የሚያዘጋጅ፣ ከወረዳ ፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር የሚሠራ ባለሙያ አለ። ፓርኩን በጠቅላላ የሚመራው ዋርደን ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። ዲግሪ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በባለሙያነት ነው። ይሁን እንጂ ተራራውን ያልወጣ ባለሙያ ስካውት አይሰማውም፤ ስለዚህ የእኔም ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈው ከቢሮ ይልቅ በድንኳን ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ሕግ ማወቅ ይጠይቃል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ሕገወጥ አደንና የእንስሳት ውጤቶች ዝውውርን ከ5,000 እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት፣ ወይም በሁለቱም የሚያስቀጣ አድርጎታል። በማግሥቱ ዓመትም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ። አዋጅ ግን በራሱ ሰው አይከስም። ማስረጃው በአግባቡ ካልተያዘ፣ ቦታው በጂፒኤስ ካልተመዘገበ፣ ምስክር ካልተገኘ ፍርድ ቤት ሰውየውን ያሰናብተዋል። ልጄ ተማሪ ሳለ የማይወደው የሪፖርት አጻጻፍ ዛሬ ዋና መሣሪያው ሆኗል።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ እዚያው አያበቃም። ታንዛኒያ ውስጥ ኪሊማንጃሮ ግርጌ ያለው የምዌካ የዱር እንስሳት አስተዳደር ኮሌጅ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካን የፓርክ ባለሙያዎች ሲያስተምር ኖሯል፤ ከኛም አገር ብዙዎች ተምረውበታል። ልጃችሁ ማደግ ከፈለገ መንገዱ ክፍት ነው።

አራተኛው ለወላጅ የሚከብደው ነው። ደመወዙ ትልቅ አይደለም። ብርዱ፣ የእግር ጉዞው፣ ከቤተሰብ መራቁ አለ። አደጋም አለ። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. በኮንጎ የቪሩንጋ ፓርክ 12 ጠባቂዎች በአንድ ቀን ተገድለዋል። በአገራችን ፓርኮችም በሥራ ላይ እያሉ የሞቱ ስካውቶች አሉ። በየዓመቱ ሐምሌ 24 ቀን በዓለም ዙሪያ የፓርክ ጠባቂዎች ቀን ይከበራል፤ የሞቱትም በዚያ ቀን ይታሰባሉ። ይህን ለልጃችሁ ሳትደብቁ ተነጋገሩበት፤ እሱም እናንተን አይደብቃችሁ።

እኔ ይህ አደጋ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በ2011 ዓ.ም. ነው። ልጄ ከተቀጠረ ዓመት አልሞላውም። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ስሜን ላይ እሳት ተነሣ። ጠፋ ሲባል እንደገና ተቀሰቀሰ። ጓሳው ደርቋል፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ገደሉ ሰው አያስወጣም። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ነገር ግን እነሱ እስኪደርሱ፣ ከደረሱም በኋላ፣ ቅጠልና አካፋ ይዞ እሳቱን ሲመታ የሰነበተው የአካባቢው ሕዝብ፣ ተማሪውና ስካውቱ ነበር።

ልጄ በእነዚያ ቀናት ስልኩ አይሠራም። ሞጣ ላይ ዜና በመጣ ቁጥር ባለቤቴ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች፤ ከዚያ መስማት ስትፈራ መልሳ ትቀንሰዋለች። እናቴ ከቢቸና ሰው እየላከች «ደወለ ወይ?» ትላለች። በአምስተኛው ቀን ደወለ። ድምፁ ጢስ ጠጥቶ ሻክሯል። «ደህና ነኝ» አለ። ቀጥሎ «አባዬ፣ ከእኛ ጋር እሳት ሲያጠፉ ከነበሩት ውስጥ ከዚህ በፊት ከብታቸውን ያስያዝናቸው ሰዎች አሉ» አለኝ።

ያ ነገር ከሁሉም በላይ አጽናናኝ። ባለፈው ዓመት ተይዞ የተሰደበና የተመታ ሰው፣ ተራራው ሲነድ ቆሞ ያያል። በክብር የተያዘ ሰው ግን ቅጠል ቆርጦ ይመጣል። ይህን ለወንድሜ ስነግረው «አልሰደባቸውም ማለት ነው» ብሎ ብቻ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህም ቀላል ዘመን አልመጣም። ኮሮና፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት ቱሪስቱን አራቀው። በቅሎ አከራዩ ሥራ ሲፈታ መጥረቢያ ወደ ማንሣት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የልጄ ሥራ ይበዛል፣ ይከብዳልም። አንዳንድ ጊዜ ተስፋ የቆረጠ ድምፅ እሰማበታለሁ። ተመለስ አልለውም፤ በርታም ብዬ አልጮኽበትም። ምን እንደበላ፣ የት እንዳደረ፣ አብረውት የወጡት ሁሉ ደህና መግባታቸውን እጠይቀዋለሁ። እነዚያ ሽማግሌ ስካውት ልጄን ያስተማሩት መጀመሪያ መጠየቅን ነበር፤ ለወላጅም ይሠራል።

ስለዚህ ልጃችሁ የማታውቁትን ሥራ ይዞ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት። ሥራው ማንን ይጠቅማል? ማንን ያስከፋል? የሚያስከፋውን ሰው ፊት ለፊት ስታገኘው ምን ትለዋለህ? የመጀመሪያውን ማንኛውም ተማሪ ይመልሰዋል። ሦስተኛውን አስቦ የመለሰ ልጅ ግን ሥራውን ከልቡ አግኝቷል ማለት ነው፤ የዲፓርትመንቱ ስም ምንም ይሁን ምን።

እናቴ አሁን እርጅና ተጭኗታል። ጎረቤቶቿ ስለ ልጅ ልጇ ሲጠይቋት «ዋርደን» የሚለው ቃል አይያዝላትም፤ ስካውትም አትልም። «የተራራ ቅጽር ነው» ትላለች። የሰማት ሁሉ አይገባውም። እሷም ቡናው እስኪፈላ ድረስ ቁጭ አድርጋ ከመጀመሪያው ታስረዳዋለች።